ቀን ከሌት እያነበብኩ ለምን ወደቅኩ? ለአንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ ከክፍሌ አንደኛ ወይ ሁለተኛ ነበር የምወጣው። እዚህ ግን የሚድ ውጤት ሲለጠፍ ካልኩለስ ከ30 ያገኘሁት 11 ነው። ሌሎቹም ኮርሶች ከግማሽ ብዙም አላለፉም። ሳላጠና ቀርቼ ቢሆን አይቆጨኝም ነበር። እስከ እኩለ ሌሊት ላይብረሪ ነው የምቆየው። ሃንድአውቱን ሦስት አራቴ ደጋግሜ አነበዋለሁ፤ ዋና ዋናውን በማርከር አሰምርበታለሁ። ፈተና ላይ ስቀመጥ ግን ጥያቄው ከሌላ ኮርስ የመጣ ይመስለኛል። የዶርሜ ልጆች እርስ በርስ ተግባብተዋል፤ እኔ ብቻዬን ነኝ። ለቤተሰቦቼ ደህና ነኝ እያልኳቸው ነው። ዊዝድሮው ልሙላ? ዲፓርትመንት ልቀይር? ወይስ ለዩኒቨርሲቲ አልሆንም ማለት ነው? እባክዎ ይንገሩኝ።»

ምላሽ፦ ሴሚስተሩን የማቋረጫውን የዊዝድሮው ፎርም አትሙይ። ዲፓርትመንት የመቀየሩንም ሐሳብ ለጊዜው አቆይው። ሁለቱም ምን እንደነካሽ ሳታውቂ የምትወስጃቸው እርምጃዎች ናቸው። ችግርሽ የት እንዳለ ደግሞ ራስሽ ጽፈሽልኛል፤ ልብ አላልሽውም እንጂ። «ሦስት አራቴ ደጋግሜ አነበዋለሁ» ያልሽው ላይ ነው።

እሱን ከማብራራቴ በፊት «ለዩኒቨርሲቲ አልሆንም» የሚለውን ላንሳ። አንደኛ ትወጪ የነበርሽው ልጅ ዛሬ አንደኛ ስላልሆንሽ አእምሮሽ አልደነዘዘም። አጠገብሽ የምትቀመጠው ልጅም ከክፍሏ አንደኛ ነበረች። ከኋላሽ ያለውም እንደዚያው። ዩኒቨርሲቲ ከየትምህርት ቤቱ ጎበዝ ጎበዙን ለቅሞ አንድ አዳራሽ ውስጥ ያስቀምጣል። እዚያ አዳራሽ ውስጥ የግድ ግማሹ ሰው ከመካከለኛው በታች ይሆናል። ኸርበርት ማርሽ የሚባል የትምህርት ሳይኮሎጂ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመው ጥናት ይህንኑ አሳይቷል። ችሎታቸው እኩል የሆነ ሁለት ተማሪዎች አሉ እንበል። አንደኛው ጎበዞች የተሰበሰቡበት ትምህርት ቤት ቢገባ ስለራሱ ያለው ግምት ከሌላኛው ያንሳል። ችሎታው ያው ነው። የተለወጠው የሚወዳደርበት ሰው ብቻ ነው። አንቺ ላይ የደረሰው አንዱ ነገር ይኸው ነው። ደስ የማይል ስሜት ነው፤ በሽታ ግን አይደለም። ስለ አእምሮሽም የሚነግርሽ ነገር የለም።

ከ30 ያመጣሽው 11 ግን ስሜት ብቻ አይደለም። እሱ ሌላ ምክንያት አለው።

አንድን ገጽ ለአራተኛ ጊዜ ስታነቢው ዓይንሽ ሳይደናቀፍ ይሄዳል። ቃላቱ ያውቁሻል፣ ታውቂያቸዋለሽ። «ገባኝ» ትያለሽ። ያ ስሜት ግን ማወቅ አይደለም፤ መልመድ ነው። ፈተና ደግሞ «ይህን ገጽ አይተሽዋል ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። ገጹ በሌለበት፣ ከባዶ ወረቀት ፊት ቁጭ አድርጎ «በይ አውጪው» ነው የሚለው። ከጭንቅላት ማውጣትን ደግሞ አንድም ቀን አልተለማመድሽውም።

ይህ የእኔ አስተያየት ብቻ አይደለም። ሄንሪ ሮዲገር እና ጄፍሪ ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ሙከራ አለ። ተማሪዎችን በቡድን ከፍለው አጭር ጽሑፍ እንዲያጠኑ ሰጧቸው። አንዱ ቡድን በአራት ዙር ጽሑፉን ብቻ ሲያነብ ቆየ። ሌላው በመጀመሪያው ዙር ብቻ አነበበ፤ በቀሩት ሦስት ዙሮች ጽሑፉ ተወስዶበት የሚያስታውሰውን እንዲጽፍ ተደረገ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ አንባቢዎቹ በለጡ፤ እነሱ 83 በመቶ ገደማ ሲያስታውሱ ጸሐፊዎቹ 71 በመቶ ገደማ አስታወሱ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። አንባቢዎቹ ወደ 40 በመቶ ወረዱ፤ ጸሐፊዎቹ 61 በመቶ ላይ ነበሩ። ከሁሉ የሚገርመኝ ሌላው ነገር ነው። «ከሳምንት በኋላ ምን ያህል ታስታውሳላችሁ?» ተብለው ሲጠየቁ፣ የበለጠ እርግጠኛ የነበሩት አንባቢዎቹ ናቸው። ልክ እንዳንቺ ማለት ነው። ላይብረሪውን ለቀሽ ስትወጪ «ዛሬስ ጨረስኩት» ትያለሽ፤ ሳምንት ቆይተሽ ፈተና ላይ ስትቀመጪ ነገሩ ጠፍቷል።

ስለ ማርከሩም ልንገርሽ፤ ብዙ ሰው አይወድልኝም። ጆን ደንሎስኪ እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 በተማሪዎች ዘንድ የተለመዱ አሥር የአጠናን ዘዴዎችን መርምረው ነበር። ማስመርና ደጋግሞ ማንበብ ጥቅማቸው ዝቅተኛ ከተባሉት መካከል ናቸው። ከፍተኛ ጥቅም አላቸው የተባሉት ሁለት ብቻ ሆኑ፦ ራስን መፈተንና ጥናትን በተለያዩ ቀናት መከፋፈል። ማርከር መግዛት አትችይም አላልኩም። ግን ገጹን ማቅለምሽን እንደ ጥናት አትቁጠሪው።

«ታዲያ ሁለተኛ ደረጃ ላይ እንዴት ሠራልኝ?» ትይኝ ይሆናል። እዚያም እየተፈተንሽ ነበር እኮ። የሚፈትንሽ ግን መምህሩ ነበር። የቤት ሥራ ይሰጥሻል፣ ሰሌዳ ላይ ያወጣሻል፣ ክፍል ውስጥ ድንገት ይጠይቅሻል። ማስታወስን ሳታውቂው ትለማመጂ ነበር። ዩኒቨርሲቲ መጥተሽ ያ ሁሉ ተነሳ። መምህሩ በሳምንት ጥቂት ሰዓት አስተምሮ ይወጣል፤ ሠራሽ አልሠራሽ ብሎ የሚከታተልሽ የለም። የቀረሽ ንባቡ ብቻ ነው። ከድሮ አጠናንሽ ደካማውን ግማሽ ይዘሽ ነው የመጣሽው።

«ጥያቄው ከሌላ ኮርስ የመጣ ይመስለኛል» ያልሽውንም በምሳሌ ላሳይሽ። ሃንድአውትሽ ላይ የ3x² ዴሪቬቲቭ (የለውጥ ፍጥነቱ) 6x እንደሆነ ተጽፏል። አራቴ አንብበሽዋል፣ አስምረሽበታል። ፈተናው ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «40 ሜትር ገመድ አለሽ። በገመዱ ልትከልይ የምትችይው ትልቁ ሬክታንግል ስፋቱ ስንት ነው?» እዚህ ጥያቄ ውስጥ ዴሪቬቲቭ የሚል ቃል የለም። መጀመሪያ አንዱን ጎን x ማለት አለብሽ። ዙሪያው 40 ስለሆነ ሌላኛው ጎን 20 − x ይሆናል። ስፋቱ 20x − x² ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ያነበብሽው ነው፦ ዴሪቬቲቩ 20 − 2x፣ ዜሮ ሲሆን x = 10፣ መልሱ 100 ካሬ ሜትር። አየሽ፣ ያጠናሽው ክፍል አንድ መስመር ብቻ ነው። ከባዱ ከገመዱ ተነስቶ 20x − x² ድረስ መድረሱ ነው። እሱ ደግሞ በማንበብ አይመጣም። ሰው ሲዋኝ ዳር ቆሞ በማየት ዋናተኛ የሆነ የለም።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ የአንድ ሰዓት ጥናትሽ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ ባዶ ወረቀት አውጪ። ሃንድአውቱን ሳትከፍቺ፣ ያለፈው ሌክቸር ላይ ምን እንደተባለ የምታስታውሺውን ጻፊ፤ አሥር ደቂቃ ይበቃል። መጀመሪያ ሰሞን ሦስት መስመር ጽፈሽ ትቆሚያለሽ። አትደንግጪ። ያቺ መቆሚያ ናት የምትፈለገው፤ ምን እንደማታውቂ የምታሳይሽ እሷ ናት። ከዚያ ሃንድአውቱን ከፍተሽ የጎደለውን ብቻ አንብቢ። የቀረውን ሰዓት ጥያቄ ሥሪ። መልሱን ሸፍኚ። ከተጣበቀብሽ ቶሎ ብለሽ መልሱን አትግለጪ፤ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ታገዪው። ከዚያ በኋላ መልሱን ብታዪ ነውር የለውም። ግን መልሱን ዘግተሽ ከመጀመሪያው ጀምረሽ እንደገና ሥሪው። በሦስተኛው ቀን ያንኑ ጥያቄ ድጋሚ ሞክሪ። «መልሱን ሳየው ገባኝ» ብለሽ ያለፍሽው ጥያቄ ሁሉ ያልሠራሽው ጥያቄ ነው።

ቁጥር የሌለበት ኮርስም ቢሆን ያው ነው። እያንዳንዱን ንዑስ ርዕስ ወደ ጥያቄ ቀይሪው። «የአብዮቱ መንስኤዎች» የሚል ካለ «አብዮቱ ለምን ተነሳ? ለምን ከዚያ በፊት አልተነሳም?» ብለሽ ራስሽን ጠይቂ፤ ገጹን ዘግተሽ ጮክ ብለሽ መልሺ። የምትማሪበት ቋንቋ የአፍ መፍቻሽ ካልሆነ መጀመሪያ በራስሽ ቋንቋ ተናገሪው፤ ቀጥሎ በፈተናው ቋንቋ ጻፊው። አንዳንድ ተማሪ ሐሳቡን ሳይሆን ዓረፍተ ነገሩን ሸምድዶ ይገባል። ጥያቄው ትንሽ ዞር ብሎ ሲመጣ እጁን ይሰጣል።

ይህ አጠናን ማስጠንቀቂያ አለው። ደስ አይልም። ከማንበብ ይልቅ ያደክማል፤ በየደቂቃው አለማወቅሽን ይነግርሻል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከበፊቱ የባሰ ደካማ የሆንሽ ይመስልሻል። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ነው ወደ ማርከሩ የሚመለሰው። አትመለሺ።

አሁን ወደ ሰዓቱ ልምጣ። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች አንድ ክሬዲት አወር ሲባል በሳምንት አንድ ሰዓት ክፍል፣ ሁለት ሰዓት ደግሞ ከክፍል ውጭ የሚሠራ ሥራ ታስቦ ነው። 15 ክሬዲት ከያዝሽ በሳምንት 45 ሰዓት ያህል ማለት ነው። የሙሉ ሰዓት ሥራ ነው። ፕሮግራሙ ላይ የሚታየው ግን 15ቱ ሰዓት ብቻ ስለሆነ፣ ሌላው ባዶ ጊዜ ይመስላል። አንቺ ሰዓት አላነሰሽም። ሰዓቱን የምታውዪበት ቦታ ነው የተበላሸው። እስከ እኩለ ሌሊት መቆየትሽን ስሰማ የገመትኩት፣ ቀን ላይ በክፍልና በክፍል መካከል ያሉት ሰዓታት በከንቱ እንደሚያልፉ ነው። ተሳስቼ ይሆናል። አንድ ሳምንት መዝግቢና እይው።

መርሳትን በሙከራ ለመለካት ቀድሞ የተነሳው ኸርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ያሳተመው ሥራ አንድ ነገር አስረድቷል፦ የምንረሳው አብዛኛው ነገር ከተማርነው በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሰዓታትና ቀናት ውስጥ ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ መርሳቱ ይዘገያል። ስለዚህ አንድ ምዕራፍ ላይ አራት ሰዓት የምታጠፊ ከሆነ፣ አራቱን ሰዓት አንድ ሌሊት ላይ አትከምሪው። በስድስት ቀን 40 ደቂቃ 40 ደቂቃ አድርገሽ ብትከፍዪው ድምሩ ያው አራት ሰዓት ነው፤ የሚቀረው ዕውቀት ግን አይወዳደርም። ሌክቸር በተማርሽበት ዕለት፣ ሳትተኚ፣ አሥሯን ደቂቃ ወረቀት ላይ ማውጣት ከሁሉ የበለጠ ዋጋ አላት።

እንቅልፍ ላይ ብዙ አልልም። ለአዋቂ ሰው በሌሊት ሰባት ሰዓትና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል፤ ቀን የተማርሽው የሚደላደለውም ስትተኚ ነው። ለፈተና ማደር ማለት ያጠናሽውን ራስሽ መደምሰስ ነው። አበቃ።

ቀጥሎ ሂሳብ እንሥራ፤ ከ30 ያገኘሽው 11 መርዶ አይደለምና። ማለፊያው ከመቶ 50 ነው ብለን እንነሳ። 39 ይቀርሻል። ገና ያልተፈተንሽበት 70 አለ። ከመቶ ሲሰላ 56 ገደማ ማምጣት ማለት ነው። ከ70ው ውስጥ 20ው አሳይመንትና ኩዊዝ ቢሆን፣ እዚያ ላይ 16 ብታመጪ፣ ፋይናል ላይ ከ50 የሚያስፈልግሽ 23 ብቻ ነው። ይህ የማይቻል ነገር ነው? አይደለም። 60 ላይ ለመድረስ ግን ከቀረው 70 ውስጥ 49 ማምጣት ይኖርብሻል፤ እሱ ከበድ ይላል። ቁጥሮቹን ከራስሽ ኮርስ አውትላይን ላይ ወስደሽ ለእያንዳንዱ ኮርስ ይህን ስሌት ሥሪ። ብዙ ተማሪ ይህን ሳያሰላ ነው ተስፋ የሚቆርጠው። አንዳንዱ ደግሞ ሳያሰላ ነው የሚዝናናው።

የሚድ ወረቀትሽን ተመልሰሽ አይተሽዋል? አይመስለኝም። ውጤቱ ሲያስደነግጥ ሰው ወረቀቱን ማየት ይጠላል። ሂጂና እይው። የሳትሻቸውን ጥያቄዎች ሦስት ቦታ ክፈያቸው፦ ጨርሶ የማታውቂው፣ የምታውቂው ሆኖ ከየት እንደምትጀምሪ የጠፋሽ፣ ጀምረሽ በስሌት ወይም በሰዓት እጥረት ያበላሸሽው። የመጀመሪያው ዓይነት ከበዛ ያመለጠሽ ትምህርት አለ። ሁለተኛው ከበዛ ከላይ ያልኩት የልምምድ ችግር ነው፤ አንቺ እዚህ እንደምትገቢ እገምታለሁ። ሦስተኛው ከበዛ ምናልባት ካልኩለሱ ምንም አላለሽም። ካልኩለስ ላይ የወደቀ ተማሪ ብዙ ጊዜ በእውነቱ የወደቀው አልጀብራ ላይ ነው፤ ክፍልፋይ ማቃለል፣ ቅንፍ መፍታት፣ ኤክስፖነንት ላይ። እንደዚያ ከሆነ የሁለተኛ ደረጃ መጽሐፍ መልሶ መክፈት አያሳፍርም። ሁለት ሳምንት በቀን ግማሽ ሰዓት ከሰጠሽው ብዙ ይስተካከላል።

ወረቀቱን ይዘሽ መምህሩ ቢሮ ሂጂ። ኦፊስ አወር (መምህሩ ቢሮው ተማሪ የሚያናግርበት ሰዓት) የተቀመጠው ለዚህ ነው፤ ለሰቃዮች ብቻ አይደለም። ግን ባዶ እጅሽን አትሂጂ። «ካልኩለስ አልገባኝም» ካልሽው እሱም የሚልሽ ያጣል፤ «በርትተሽ አንብቢ» ብሎ ይሸኝሻል። «ዶክተር፣ ይህን ጥያቄ እስከዚህ ሠርቼዋለሁ፤ ከዚህ በኋላ ለምን እንደማይሄድልኝ አልገባኝም» ብለሽ የሞከርሽውን አሳዪው። በአምስት ደቂቃ የት እንደሳትሽ ያሳይሻል። ፊቱ የማይፈታ መምህር ከሆነ ወይም ቢሮ የማይገኝ ከሆነ ቱቶሪያል የሚሰጠውን ረዳት ወይም ኮርሱን ያለፈ ሲኒየር ፈልጊ። ሳይደርቅ በእርጥቡ ነው፤ የፋይናል ሳምንት ላይ ቢሮው በር ላይ ያለውን ሰልፍ ታዪዋለሽ።

ብቸኝነቱን ለየብቻ አልመለከተውም፤ ከውጤትሽ ጋር የተያያዘ ነው። ዩሪ ትራይስማን የሚባል የሂሳብ ምሁር በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በርክሌይ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የካልኩለስ ተማሪዎችን ተከታትሎ ነበር። ትምህርት ቤታቸው ጎበዝ የነበሩ ጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎች ለምን ካልኩለስ ላይ ይወድቃሉ ብሎ ነው የተነሳው። ሰነፎች ስለሆኑ ነው፣ ቤተሰብ ስላልደገፋቸው ነው የሚሉትን ግምቶች ሁሉ አጣራ፤ አንዱም አልሆነም። ልጆቹ ይሠሩ ነበር፤ ግን ለየብቻቸው ነበር የሚሠሩት። ውጤታቸው ጥሩ የነበሩት የቻይና ተወላጆች ደግሞ መጀመሪያ ብቻቸውን ሠርተው፣ ማታ ተሰብስበው ይተራረሙ ነበር። አንድ ጥያቄ ለሁሉም ካልወጣ ጥያቄው ራሱ ከባድ እንደሆነ ያውቃሉ። ብቻውን የሚሠራው ግን «እኔ ደደብ ነኝ» ይላል። አንቺም አሁን እያልሽ ያለሽው ይህንኑ ነው። ትራይስማን ከዚያ በኋላ ከባድ ጥያቄዎች በቡድን የሚሠሩበት ፕሮግራም ጀመረ፤ የተሳተፉት ተማሪዎች ውጤት በግልጽ ተሻሻለ።

ስለዚህ ጓደኛ ፍለጋ አትውጪ። የጥናት ሰው ፈልጊ። ሦስት ወይም አራት ሰው ይበቃል። ከሌክቸር በኋላ አጠገብሽ ላለችው ልጅ «አምስተኛውን ጥያቄ ሠርተሽዋል? ለእኔ አልመጣ አለኝ» ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅብሽ። ከዶርምሽ ልጆች ጋር ሰላምታና መከባበር ካለ በቂ ነው፤ አብረው የተመደቡ ሰዎች ሁሉ የልብ ወዳጅ አይሆኑም። ደግሞ ተግባብተዋል የምትያቸው ልጆች ግማሾቹ እንዳንቺው ግራ የገባቸው እንደሚሆኑ አልጠራጠርም። ግሬግ ዋልተን እና ጄፍሪ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ አዲስ ገቢ ተማሪዎች የሲኒየሮችን ገጠመኝ እንዲያነቡ አደረጉ። መልእክቱ «እኛም መጀመሪያ እዚህ ባይተዋር ነበርን፤ ከጊዜ በኋላ ለቀቀን» የሚል ነበር። አንድ ሰዓት ያህል ብቻ የወሰደ ነገር ነው። ጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎች ላይ ውጤታቸው በቀጣዮቹ ሦስት ዓመታት ከፍ አለ፤ ከነጮቹ ጋር የነበራቸው ልዩነት በግማሽ ጠበበ። ነጮቹ ላይ ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። ሁሉን የሚፈውስ መድኃኒት ነው አልልሽም። ባይተዋርነቱ የሁሉም እንደሆነ ማወቅ ግን ጉልበት ይሰጣል፤ በተለይ «የእኔ ቦታ አይደለም» ብሎ ለሚጠራጠር ሰው።

የጥናት ቡድን ስልሽ አሳይመንት የሚቀዳዱበትን ማለቴ አይደለም። አንዱ ሠርቶ ሌላው የሚገለብጥበት ቡድን ውስጥ ከገባሽ ከአሳይመንቱ ላይ 16 ታገኚ ይሆናል፤ ፋይናሉ ግን ያጋልጥሻል። ቡድን ከመግባትሽ በፊት ብቻሽን ሞክረሽ ግቢ። ወሬ ከበዛም ውጪ፤ ይሉኝታ አይያዝሽ።

ወደ ጠየቅሽኝ አማራጮች ልመለስ። ዊዝድሮው ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ። የታመመ ሰው፣ ከባድ ሐዘን የደረሰበት፣ ክፍል መግባት እስኪያቅተው የተዳከመ ሰው ሴሚስተሩን ቢያቋርጥ ብልህነት ነው። የአንቺ ምክንያት ግን ውጤት ነው። ወጥተሽ ስትመለሺ ያው ካልኩለስ፣ ያው ማርከር ይጠብቅሻል። ዲፓርትመንት መቀየርም እንደዚሁ። የአጠናን ችግር ከዲፓርትመንት ዲፓርትመንት ተከትሎሽ ይሄዳል። ትምህርቱን ራሱን የማትወጂው ከሆነ፣ ሲሳካልሽም ደስ የማይልሽ ከሆነ፣ ያኔ መቀየር ይነሳል። እሱን ደግሞ እየወደቅሽ ሳለ መለየት አትችይም፤ የወደቀበትን ትምህርት የሚወድ የለም። አንድ ኮርስ ብቻ ድሮፕ ማድረግ (ለዚህ ሴሚስተር መተው) የተሻለ መካከለኛ መንገድ ሊሆን ይችላል። ግን ስሌቱ ከመቶ 80 እና 90 አምጪ የሚልሽ ኮርስ ካለ ብቻ ነው፤ ካልኩለስሽ እንደዚያ አይደለም። ድሮፕ ከማድረግሽ በፊት ሁለት ነገር ከሬጅስትራር በጽሑፍ የተቀመጠውን ደንብ አይተሽ አረጋግጪ፦ ኮርሱ ለቀጣዩ ዓመት ኮርሶች ቅድመ ሁኔታ መሆኑንና የምትይዢው ክሬዲት ዝቅ ሲል ድጋፍ ወይም ስኮላርሺፕ የሚያሳጣሽ መሆኑን። ተማሪዎች እርስ በርስ የሚነግሩሽን ደንብ አትመኚ።

ለቤተሰብሽ ንገሪያቸው። ሙሉውን ባይሆን እንኳ «ሚዱ ከበደኝ፣ እያስተካከልኩ ነው» በያቸው። ደህና ነኝ ማለቱ በየሳምንቱ አዲስ ውሸት ይጠይቃል፤ ያም ራሱ ጉልበት ይበላል። ደግሞ ውጤቱን መጨረሻ ላይ ድንገት ከሚሰሙት አሁን ከአንቺ አፍ ቢሰሙት ይሻላቸዋል።

ምክሬ የማይደርስበት ቦታም አለ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ አብዛኛውን ቀን ከከፋሽ፣ ምግብ ከዘጋሽ፣ እንቅልፍ እምቢ ካለሽ ወይም ከአልጋ መነሳት ካቃተሽ፣ ድሮ ደስ የሚልሽ ነገር ሁሉ ከሞተብሽ፣ ይህ የአጠናን ጉዳይ አይደለም። ግቢሽ ውስጥ የሥነ ልቦና አማካሪ ካለ ወደሱ፣ ከሌለ ወደ ሐኪም ሂጂ። ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ንገሪና አብሮሽ ወደ ሕክምና ይሂድ። ትንሽ የሚመስል ነገርም አለ፦ ሰሌዳው የማይታይሽ ከሆነ ዓይንሽን ተመርመሪ። ስንት ተማሪ በመነጽር የሚፈታን ነገር የችሎታ ችግር አድርጎ ይኖራል መሰለሽ።

የምመክርሽ ይህንን ነው። አራት ሳምንት። ማርከሩን አስቀምጪ። የዕለቱን ሌክቸር በዕለቱ አሥር ደቂቃ ባዶ ወረቀት ላይ አውጪ። ካልኩለስ በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን አንድ ሰዓት፣ መልሱ ተሸፍኖ። የሳትሻቸውን ጥያቄዎች የምትመዘግቢበት አንድ ደብተር ይኑርሽ፤ በየሦስት ቀኑ ከዚያ እየመረጥሽ ድገሚ። በሳምንት አንድ ጊዜ ከሁለት ሦስት ልጆች ጋር፣ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ መምህሩ ቢሮ። አራቱ ሳምንት ሲሞላ ያለፈ ዓመት ፈተና ፈልገሽ፣ ሰዓት ይዘሽ፣ ስልክሽን አጥፍተሽ ተፈተኚ። ከመቶ 50 አካባቢ ወይም በላይ ከሆነ መንገዱ ይዞልሻል፤ እስከ ፋይናል ቀጥዪ። የተባለውን ሁሉ በትክክል አድርገሽ ውጤቱ ንቅንቅ ካላለ፣ ያን ደብተርና ያን የፈተና ወረቀት ይዘሽ አካዳሚክ አማካሪሽ ጋ ሂጂ። ስለ ድሮፕም ሆነ ስለ ዲፓርትመንት መነጋገር የሚጀመረው ያኔ ነው። የድሮፕ የመጨረሻ ቀን መቼ እንደሆነ ግን ነገ ጠዋት ሬጅስትራር ሄደሽ ጠይቂ፤ ከአራቱ ሳምንት በፊት የሚያልፍ ከሆነ የሙከራ ፈተናሽን ከዚያ ቀን ሁለት ቀን ቀደም አድርገሽ ውሰጂው።